የዲሪርሳ ስም

«ስሙን ከዚህ ላይ አጥፊው» አላት አባቷ ጣቱን ኮምፒውተሩ ላይ ቀስሮ። ወንድሟ ዲሪርሳ ትናንት የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ከሚቃወመው ሰልፍ ታፍሷል፤ አሁን ደግሞ የፖሊስ ፍተሻ ቡራዩን ቤት ለቤት እያዳረሰ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው የእሱ ስም ነው።

ጥርሷን ነክሳ የኮምፒውተሩ ውስጣዊ ሴቲንግ የሚቀመጥበትን ሬጅስትሪ ከፈተች። እዚያ ውስጥ የሚሠራ አንድ ስህተት ኮምፒውተሩን ጨርሶ ሊያበላሸው ይችላል፤ ስለዚህ ወንድሟ ሁልጊዜ እንደሚያስጠነቅቃት፣ ምንም ከመንካቷ በፊት የቀድሞውን ሴቲንግ ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ከዚያ የእሱን አካውንት ደበቀችው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ የእሷ ስም ብቻ ቀረ።

«ይኸው፣ ወንድ ልጅ የለህም» አለችው።

አባቷ ፍላሹን ነቅሎ በጡጫው ጨበጠው።

«ስሙን መመለሻው እዚህ ውስጥ ነው አይደል?» አላት። «ከእጄ የሚወስደው ካለ ይምጣ።»