የጓሮው በር

ቬርና ፀጉር የምትሠራው እቤቷ ውስጥ ነው። ድሮ ሳሎን በነበረው ክፍል አንድ ወንበር፣ አንድ መስተዋት፣ አንድ መታጠቢያ። ከውስጠኛው በር ማዶ ወጥ ቤቷ። ካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ፣ እንደዚህች ባለች ትንሽ ከተማ፣ የሴቶች ምስጢር የሚራገፈው እዚህ ወንበር ላይ ነው። ፓስተሩ የሚሰማው ከዚህ የተረፈውን ነው።

ለዚህም ነው አምና የሴቶች መጠለያ ሠራተኞች የአካባቢውን ፀጉር ሠሪዎች ሰብስበው ያሠለጠኑት። የምትደበደብ ሴት ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው አሉ፦ ሚስቱን ብቻዋን የማይለቅ ባል። ቤት ማን አለ ብሎ የሚጠይቅ ባል። ስትነካ የምትደነግጥ ሴት። ስም አታስጠሯት፣ አታጨናንቋት፣ መውጫውን ብቻ አሳዩዋት፣ አሉ።

ቬርና ከፊት ተቀምጣ ሰማች። እዚያ ያደረሳት ሐፍረት ነው። ጆይስ የምትባል ደንበኛዋ አንድ ቀን ጆሮዋ ሥር በልዞ መጣች። ቬርና ምንም አልጠየቀችም። ፀጉሯን በዚያ በኩል ረዘም አድርጋ ቆረጠችና ሸፈነችላት። ጥሩ አድርጋ ነበር የሸፈነችው። ጆይስን በአምቡላንስ ከወሰዷት ወዲህ ቬርና የራሷን ፊት በመስተዋት ስታይ ቶሎ ብላ ነው የምታልፈው።

ባሏ ዋልተርም አብሯት ተመዘገበ። እሱ ሾፌር ሆነ። አውቶቡስ በሌለበት አገር፣ ከቤቷ የሸሸችን ሴት መጠለያው ድረስ የሚያደርሷት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በከተማው የዋልተር ውለታ የሌለበት ሰው የለም። የሰው ደጅ በረዶ ይጠርጋል፣ ባትሪው የሞተ መኪና ያስነሳል፣ ሕመምተኛ ያመላልሳል።

ማክሰኞ ከሰዓት ደንበኛዋ ኮሪን መጣች። ቀድሞ የገባው ግን ባሏ ድዌይን ነው።

ድዌይንን ብዙ ሰው አይወደውም። በቀደም ሆኪ ሜዳው ደጃፍ ላይ፣ ከመሬት ተነስቶ፣ የዋልተርን ኮሌታ አንቆ ከግድግዳ አጣበቀው። ሰው ነው ያላቀቃቸው። ዋልተር ፖሊስ ይጠራ ሲሉት እምቢ አለ። «ወጣት ነው፣ ደሙ ይፈላል» ብሎ ሳቀ።

«ቤት ማን አለ?» አለ ድዌይን።

«እኔና የፀጉር ማድረቂያዬ። ቡትህን አውልቅ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።»

«ዋልተርስ?»

«በረዶ ሊጠርግ ወጥቷል። ምነው፣ ያንን አንገት ገና አልጨረስከውም?»

አልሳቀም። ቡቱንም አላወለቀም። አንገቱን አስግጎ ወጥ ቤቱን ቃኘና ወደ ሚስቱ ዞረ። «መኪናው ውስጥ ነኝ። ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ብቻዋን የማይለቅ። ቤት ማን አለ የሚል። ቬርና ጥርሷን ነከሰች።

ኮሪን ኮፍያዋን አወለቀች። ወገቧ ድረስ ይወርድ የነበረው ፀጉር በመቀስ ተጨፍጭፏል።

«የኔ ልጅ! ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

ጆይስም ራሴ ነኝ ትል ነበር። በር መትቶኝ ነው ትል ነበር።

«ዋልተር እናትሽ ዘንድ ሆስፒታል ካደረሰሽ ወዲህ ጠፋሽብኝ እኮ» አለች ቬርና፣ ወሬ ለማስጀመር። «መከር ላይ ነበር፣ አይደል?»

ፎጣውን አንገቷ ላይ ልታደርግላት ስትነካት የኮሪን መላ ሰውነት ዘለለ።

«ቬርና፣ የመጣሁት ለፀጉር አይደለም። የምነግርሽ አለ። ግን አፍራለሁ።»

«አንቺ ምን አድርገሽ ታፍሪያለሽ?»

«ላንቺ መንገር ደግሞ ከሁሉም ይከብደኛል። እሱ...»

«ስሙን ተይው።» ቬርና እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «መጥራት የለብሽም። አውቃለሁ።»

ኮሪን በመስተዋቱ ውስጥ ቀና ብላ አየቻት። «ታውቂያለሽ?»

«ከጠረጠርኩ ቆየሁ።»

«ጠርጥረሽ ዝም አልሽ?»

የቬርና ፊት ጋለ። የጆይስ ጆሮ መጣባት፤ በደንብ የተሸፈነው። «አዎ» አለች። «ዝም አልኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ አላየሁም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ይቅር በይኝ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።»

ኮሪን ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አልነበረውም። «ታምኚኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለች። «እውነቴን ነው። ታባርሪኛለሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ቬርና መጋረጃውን በስሱ ገለጥ አደረገች። ድዌይን ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ዓይኑን ከቤቱ ላይ ሳይነቅል ተቀምጧል። የፊቱን በር ድምፅ ሳታሰማ ቆለፈችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለዋልተር ጻፈች። የሴቲቱን ስም በስልክ መጻፍ ክልክል ነው፤ ደንብ ነው። «አንዲት ሴት አለች። በጓሮ በር። ቶሎ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«መኪና ይመጣልሻል። በጓሮ ወጥተሽ መጠለያ ትሄጃለሽ። ደህና ቦታ ነው፤ ማንም አያገኝሽም።»

«መጠለያ?» ኮሪን ግራ ተጋባች። «ማን ነው የሚመጣው?»

«አትፍሪ። ዓይኔን ጨፍኜ የምሰጥሽ ሰው ነው።»

ጓሮው ውስጥ የበረዶ ጫማ ሲረግጥ ተሰማ። የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ዋልተር ቡቱን አራግፎ፣ የመኪና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ገባ።

«የታለች መንገደኛዬ?»

ኮሪን ከወንበሩ ተስፈንጥራ ተነሳች። መቀሶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የፊቱን በር በሁለት እጇ ታግላ ከፈተችውና፣ ፎጣው አንገቷ ላይ እንደታሰረ፣ በካልሲዋ በረዶው ላይ ሮጠች። ድዌይን ከመኪናው ወርዶ ነበር። ደረቱ ላይ ወደቀች፤ ኮቱን ገልጦ ውስጡ ሸሸጋት።

ቬርና ወደ ባሏ ዞረች።

ዋልተር፣ ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም።