የአስናቀው አምፕሊፋየር

አስናቀው በሕይወት ሳለ ሚስቱ ዘርፈሽ የአምፕሊፋየሩን አቧራ እንኳ እንድትጠርግ አይፈቅድም ነበር። አርባው በወጣ ማግስት፣ ሞጣ ላይ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረደችው።

«ኧረ ተይ እቴ፣ ዓመቱ እንኳ ይድረስ» አለቻት ጎረቤቷ አምሳለች።

«አሥራ አራት ዓመት እሱ ሲከፍተው ሰማሁ። ዛሬ እኔ እከፍተዋለሁ።»

ቀዩን ገመድ በቀዩ፣ ነጩን በነጩ ቀዳዳ ሰክታ ዲቪዲውን ከአምፕሊፋየሩ አገናኘች። የስፒከሩን ሽቦ አስገብታ ስታጠብቅ ከስፒከሩ ውስጥ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ የአስናቀው ድምፅ።

አምሳለች አማተበች። ዘርፈሽ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ አየች፤ ሶኬቱ ገና አልተሰካም። እጇን ግን ከሽቦው አላነሳችም።

«ራሴ ፈቀድኩ! ቤቱ የኔ ነው!» አለችና ሽቦውን ከስፒከሩ መንጭቃ ነቀለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። አምሳለች እፎይ ልትል ስትል ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን የመጣው ከጓዳ ነው።

«እስቲ ነዪና ፊት ለፊቴ ድገሚው።»

ዘርፈሽ መቀነቷን አጠበቀችና ወደ ጓዳው ገባች።