ወደ መንደራ ቆጪ በአጋሮ በኩል

ፍሬአብ ቅዳሜ ጠዋት ጅማ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወረደ። ከመናኸሪያው እስከ መንደራ ቆጪ፣ እናቱ ቤት ድረስ፣ በባጃጅ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ይደረሳል። ፍሬአብ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ታሪካዊ ቦታዎችን ሲጎበኝ ዋለ።

የመጣው ለጉብኝት አልነበረም። ዲማ አካባቢ ወርቅ ሲቆፍር ከርሞ፣ ጉድጓዱ ተንዶ ሥራው ሲቆም ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ስልኩ ከአፈሩ ሥር ስለቀረ ለማንም አልደወለም። ሲሄድ እናቱን ወይዘሮ ዶርቃን ልባቸውን እያመማቸው ነበር የተዋቸው። መንገዱን ሁሉ ያሰበው እሳቸውን ነው።

መናኸሪያው በር ላይ የአጎቱን ልጅ አልዓዛርን አገኘው። አልዓዛር እንግዶችን በመኪና እያዞረ የሚያስጎበኝ ሾፌር ነው። ፍሬአብን ሲያይ የመኪናው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ያነሣለት ፍሬአብ ነው።

"ምነው? እማዬ ደህና አይደለችም?"

"ደህና ናቸው። በጣም ደህና ናቸው።"

አልዓዛር ራቅ ብሎ ስልክ ደወለ። ፍሬአብ የሰማው መጨረሻውን ብቻ ነው። "የለም መጋቢ፣ ለእሱም አልነገርኩትም። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን እስኪጨርሱ አላመጣውም።"

ከዚያ ተመልሶ መጣና የመኪናውን በር ከፈተ። "ግባ። ጅሬን ላሳይህ።"

"ምን?"

"የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት።"

"አንተ ሰው፣ እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት!"

"ተወልደህ አይተኸዋል?"

ፍሬአብ አላየውም ነበር።

ጅሬን ላይ የአልዓዛር ሚስት ታቢታ ጠበቀቻቸው። ነርስ ናት፤ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ሰላም ስትለው የእጁን አንጓ ያዘችና ቶሎ አለቀቀችውም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አስጎብኚው ስለ እንጨቱ ሥራ ሲያስረዳ እሷ ለፍሬአብ ሙዝ ትልጥ ነበር።

"ብላ።"

"ጠግቤያለሁ።"

"አንዴ ብቻ። ስትውጥ ልይህ።"

ፍሬአብ ነገሩ ገባው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ እስኪነገረው ድረስ ሰውየው በሰበብ ይያዛል፤ ያበሉታል፣ ያዝኑለታል፣ ይዋሹታል። እሱ ራሱ አባቱ የሞተበትን ጎረቤት ጫማ ምረጥልኝ እያለ ግማሽ ቀን ገበያ ለገበያ አዙሮታል።

"ስልክህን ስጠኝ፤ እማዬን ላናግራት" አለ።

"ባትሪ ጨርሷል።"

ስልኩ አልዓዛር ኪስ ውስጥ ጮኸ።

"የመጨረሻዋ ናት" አለ አልዓዛር፤ አጠፋውም።

አጋሮ ላይ ቤንዚን ሊቀዱ ሲቆሙ ሀጂ ጀማለዲን በመስኮት አዩት። ሀጂ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ፍሬአብ ድሮ መጋዘናቸው ውስጥ ሠርቷል። "ሱብሓነላህ!" ብለው በሩን ከፈቱ። ትከሻውን ጨበጡ፤ ክንዱን ቆነጠጡ።

"ፍሬአብ! አለህ? ወላሂ አለህ?"

"አለሁ ሀጂ። ስለ እማዬ የሰሙት ነገር አለ?"

ሀጂ አልዓዛርን አዩ። አልዓዛር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ሁላችንም የአላህ ነን፣ ልጄ" አሉ ሀጂ። ከዚያ ግማሽ ኩንታል ቡና መኪናው ላይ አስጫኑ። "ለእናትህ ቤት ነው። ዛሬ ሰው ይበዛል።"

ታቢታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጮጬ ሲደርሱ አልዓዛር ወርዶ አንድ የቡና ዛፍ ሥር ቆመ። ፍሬአብ ተከተለው።

"እማዬ መቼ ሞተች?"

"ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይላሉ።"

"አልዓዛር!"

"አጋሮዎች ናቸው የሚሉት። ከፋዎች አይስማሙም።"

"ታቢታ፣ አንቺ እንኳ ንገሪኝ። ተቀበረች?"

"አልሞቱም፣ ፍሬአብዬ። በእግዚአብሔር ስም እነግርሃለሁ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምታለቅሽው?"

"ደስ ብሎኝ ነው።"

ይህንን ፍሬአብ አላመነም። ለጎረቤቱ እሱም ያለው ልክ እንዲሁ ነበር።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ አልዓዛር ሊሙ ገነትም ታሪክ ያላት ከተማ እንደሆነች ማስረዳት ጀመረ። ፍሬአብ ከጎኑ ሆኖ መሪውን ያዘበት። አልዓዛር ተሸንፎ ወደ ጅማ ነዳ። ከተማው መግቢያ ላይ አልዓዛር እንደገና ቆመ።

"ይቺን ድልድይ ጣሊያን ነው የሠራት" አለ። "ወርደህ እያት።"

ፍሬአብ ወረደ። ድልድዩን ግን አላየም፤ ያገኘው ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ።

"መንደራ ቆጪ! ቶሎ በል፣ እናቴ ሞታብኛለች!"

"አፈር ስሆን!" አለ ባለ ባጃጁ፣ ጋዙንም ጠመዘዘ።

ድንኳኑ ከሩቅ ታየ። መንገዱን ዘግቶ እስከ ጎረቤት አጥር ደርሷል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መጋቢው መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል።

ፍሬአብ ደረቱን እየደቃ ገባ። "ወየው እማዬ! ሳላይሽ! ወየው!"

ዝማሬው ቀጥ አለ። በአገሩ ልማድ ለቀስተኛው ተነሥቶ ሊይዘው፣ አብሮት ሊያለቅስ ይገባ ነበር። ለቀስተኛው ሸሸ። የፕላስቲክ ወንበሮች ተገለበጡ። አንዷ "በኢየሱስ ስም!" ብላ እጇን ዘረጋችበት። ሽማግሌዎቹ በሸራው ሥር ሾልከው ወጡ። መጋቢው ብቻቸውን "ገና ነው! ገና አልነገርናቸውም!" እያሉ ይጮኹ ነበር።

ድንኳኑ ባዶ ሲቀር ፊት ለፊት አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ተቀምጠው ታዩ። ወይዘሮ ዶርቃ ናቸው። ቀስ ብለው ተነሡ፤ መጥተው ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ከስተሃል" አሉ።

ከኋላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በአበባ ጉንጉን የተከበበው ትልቅ ፎቶግራፍ የፍሬአብ ነበር።