ትምህርት የማይሰለቻት

ልጆቿን ድራ፣ ባሏን ቀብራ ብቻዋን ከቀረች ወዲህ ሳትማር ያሳለፈችው ዓመት የለም። ልብስ ስፌት ጨርሳ ኮምፒውተር ገባች። ዛሬ የኮምፒውተሩን ሰርተፍኬት ስትቀበል ዳይሬክተሩ፣ “እማማን እዩ! ራስን ማሻሻል የዕድሜ ልክ ሥራ ነው” ብሎ አስጨበጨበላት።

“እማማ፣ ለእኛም ሥራ ይተዉልን እንጂ!” አለ አንዱ ተመራቂ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

እሷ ግን ሰርተፍኬቷን እንኳ አላየችውም። ሰሞኑን የሚወጋትን ደረቷን ይዛ ወደ ምዝገባ ክፍል አዘገመች።

“ልጄ፣ ነገ የሚጀምር ትምህርት ይኖራል?”

“የምግብ ዝግጅትና የአረብኛ ቋንቋ አለ” አለች መዝጋቢዋ ፈገግ ብላ። “የትኛውን ወደዱ?”

ወደ መዝጋቢዋ ጠጋ አለች።

“ተማሪ ከክፍል ሲቀር ቤቱ ድረስ ሰው የሚልኩት የትኞቹ ናቸው?”