ሁለት ሳህን

በሁለት ሺህ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በፋሲካ ማግስት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሃምቡርግ ባለው ቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ፣ ባለቤታቸው አቶ አያልነህና ልጃቸው ማህደር ነበሩ። ባልና ሚስቱ ሁለቱም የልብ ሕመምተኞች ናቸው። ሕጉ የግል ሆስፒታሎች የሚድነውን ብቻ መርጠው እንዲያክሙ ስለፈቀደ ትርንጎን ተቀበሉ፤ አያልነህን ግን ወደማያልቀው የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ሰደዷቸው።

ማህደር የወላጆቿን ምሳ በሁለት ሳህን ለየብቻ አቀረበች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ትርንጎ።

«እማዬ፣ ከግል ሆስፒታሉ ጋር የተፈራረምሽውን ውል ረሳሽው? ከመንግሥት ታካሚ ጋር መብላት ክልክል ነው። ተስፋ የሌለው ሰው ያዳክማል ብለዋል። እጅሽ ላይ ያሰሩልሽ መቆጣጠሪያ አምባር ይናገርብሻል። ቀዶ ሕክምናሽ እኮ ሐሙስ ነው፤ ይሰርዙብሻል!»

«ብይ እንጂ» አሉ አያልነህ ፈገግ ብለው። «እኔ አሮጌ ብረት ነኝ፤ ዝገቴ እንዳይተላለፍብሽ።»

የትርንጎ ደም ፈላ።

«አርባ ዓመት አብሬው የበላሁት ሰው ነው ዛሬ የሚያዳክመኝ? የሚድነውንማ ማዳን ማንን ያቅተዋል! ሐኪም የተፈጠረው ለጤነኛ ነው እንዴ?»

ሳህናቸውን አንስተው በባላቸው ሳህን ላይ ገለበጡትና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሷቸው፤ ቀጥለው ራሳቸው ጎረሱ። አምባሩ ጮኸ።

«እማዬ!»

«ይጩህ!»

ሐሙስ ዕለት ትርንጎ ከባላቸው ኋላ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ያዙ።