የጤነኛ ሰው ደም

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ዘለለ። ሶረቲ መጀመሪያ የወቀሰችው የገዛ እጇን ነው፤ የደሙ ጠብታ በዝቶባት ይሆናል።

አባቷ አቶ ኢታና የተወጋ ጣታቸውን በጥጥ ይዘው ሳቁባት። ከዲክሲስ አሰላ የመጡት የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ሊከራዩ ነው፤ «ልጄ ምን ስትሠራ እንደምትውል ልይ» ብለው ቤተ ሙከራዋ ጎራ አሉ። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው ደም ጎድሏት ነበርና ደስ አላት። ስልሳ ዓመት ሙሉ የሐኪም ደጅ ረግጠው ከማያውቁት ከእሳቸው የበለጠ ጤነኛ ከየት ታመጣለች?

ሥራዋ ደም የምትመረምር፣ የጥፍር ስፋት ያላት ቁራጭ ናት፤ ፊቷ በዓይን በማይታይ የወርቅ ብናኝ ተለብጧል። ልብ ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲን ስታገኝ የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይለወጥና ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይነሣል። በጤነኛ ሰው ደም ግን ተኝቶ ይቀራል።

አዲስ ቁራጭ ሰካች። የአባቷን ደም ደገመች፤ መስመሩ ተነሣ። የራሷን ጣት ወግታ ሞከረች፤ ተኛ። ክው አለች። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ ደረትዎን ያምዎታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ጨጓራዬ ናት፣ ከትናንት ጀምሮ ታቃጥለኛለች። ክንዴም ትንሽ ደነዘዘ፤ ወተት ጠጣሁበት።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አቶ ኢታና ግን አልደበቁም፤ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ደረት ላይ ያቃጠለውን ነገር ጨጓራ ብለውት አረፉ።

«በይ እንግዲህ ልሂድ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» ብለው ተነሡ። «ኮምባይነሩ ስምንት ሰዓት ላይ ማሳችን ይገባል። ተራዬ ካለፈ ስንዴውን ዝናብ ይጫወትበታል።»

«አይነሡ! ይቀመጡ!»

በዕድሜዋ አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። አምቡላንስ ለመጥራት ስልኳን አነሣች፤ ቁጥሩን ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው አነሡላት።

አቶ ኢታና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«ይሄ ነገርሽ ይሳሳታል አይደል?»

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሠራላት ስትጸልይ ኖራለች።

«ይሳሳታል አባ፣ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል» አለች፤ ዛሬ እንዲሳሳት ፈጣሪዋን እየለመነች የሸሚዛቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።