ከጉብታዋ ማዶ

የአለቃው ጣት ስክሪኑ ላይ፣ በባሕር ዳርቻ ከተዘረጋው የጎልፍ ሜዳ መካከል፣ አንዲት የአሸዋ ጉብታ ላይ ዐረፈ። «ይቺን አጥፊያት። የኮምፒውተር ጨዋታው ነገ ለገበያ ይወጣል፤ እሷ ግን ኳሱ የሚገባበትን ጉድጓድ ባንዲራ ጋርዳዋለች። ሰው የማያየውን እንዴት ብሎ ይመታል?» ንድፍ አውጪዋ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ሜዳ አየችው። የጉብታዋ ሣር ነፋሱ ወደሚነፍስበት ተጋድሞ ነበር። ጣቷን ከመሰረዣው ቁልፍ ላይ አነሳች።

«አላጠፋትም» አለች።

«እንግዲያው የሚያጠፋልኝ ሌላ ሰው አላጣም። አንቺም ዕቃሽን ሰብስቢ።»

«እሰበስባለሁ። መጀመሪያ ግን አንዴ ይምቱ፣ ጋሼ።» የመጫወቻውን ጆይስቲክ እጁ ላይ አኖረችለት።

«እልኸኛ» አለና መታ። ኳሱ ከነፋሱ ጋር ታገለ፤ ጉብታዋን ተሻግሮም ከዓይን ተሰወረ። ከማዶ የሚሰማው የማዕበል ድምፅ ብቻ ነበር። አለቃው ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ አንገቱን አሰገገ። ቀጥሎም ጆይስቲኩን እንደ ጨበጠ በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ ከስክሪኑ አናት በላይ አሻግሮ ለማየት ተንጠራራ።

«አሁን ላጥፋት?» አለችው፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ።

«ቆዪ እስቲ» አለ። ተረከዙ ገና ወለሉን አልነካም ነበር።